ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ መኪና የማይበዛበት ዳገታማ የብስክሌት መንገድ የት አለ?

ቀጭን_ጎማ፦

ሰላም ጓዶች። ቀጥታ ወደ ጥያቄዬ ልግባ። አንድ ወዳጄ ወደ ውጭ ሊሄድ ሲል ኮርስ ብስክሌቱን ሸጠልኝ። ቆንጆ ናት። ቀላል ናት፣ ማርሿ በደንብ ይሠራል፣ ጎማዋ 28 ሚሊ ሜትር ነው። ችግሩ የት ልንዳት የሚለው ነው።

እስካሁን ከተማ ውስጥ ነው የምሽከረከረው። የኮሪደር ልማቱ ያመጣው የብስክሌት መስመር ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግን እግረኛው ይሄድበታል፣ ሞተር ይቆምበታል፣ ደግሞ ገና ሰውነትህ ሳይሞቅ አደባባይ ትደርስና ትቆማለህ። ዳገት ላይ እያለከለኩ መውጣት፣ ከዚያ ቁልቁለቱን ነፋስ እየበላሁ መውረድ ነው ያማረኝ።

በአሮጌው መንገድ ወደ ቢሾፍቱ ሞክሬ ነበር። ፈጣን መንገዱ ለብስክሌት ክልክል ስለሆነ ያለው አማራጭ እሱ ነው። ዱከም ሳልደርስ አንድ ተሳቢ ክንዴን ሊነካኝ ምንም ሳይቀረው አለፈ፣ ነፋሱ ብቻ ከአስፋልት ሊያወጣኝ ነበር። ሁለተኛ በዚያ አልሄድም።

የምፈልገው ይኼ ነው፤ አስፋልት፣ ገጠር፣ ዳገትና ቁልቁለት፣ መኪና አልፎ አልፎ ብቻ የሚያልፍበት። በቀን ከ60 እስከ 100 ኪሎ ሜትር እችላለሁ። መኪና የለኝም። አውቶቡስ ላይ ጭኖ መሄድ ግድ ከሆነ እጭናለሁ፣ አንድ ሌሊት ማደርም ችግር የለውም። ስለ ውሻው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ማደሪያው፣ የምታውቁትን ሁሉ ወርውሩልኝ።

የሽሮሜዳ_ልጅ፦

ለምን ሩቅ ትሄዳለህ? እንጦጦ አለልህ እኮ!

እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከሽሮ ሜዳ ተነስና ወደ እንጦጦ ማርያም ውጣ። ገና ግማሹ ላይ ሳንባህ አፍህ ውስጥ ይገባል። ጫፉ ወደ 3,200 ሜትር ነው፣ ከተማው በሙሉ ከእግርህ ሥር ተዘርግቶ ይታይሃል፣ ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ ነው። በዚያ ሰዓት የምታገኘው ሯጮችንና ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ እናቶችን ብቻ ነው። አህያም አለ። አህያ ግን አይነካህም፣ አንተ ካልነካኸው።

ረዘም ያለ ከፈለግህ ደግሞ በአዲሱ ገበያ በኩል ወጥተህ እስከ ሱሉልታ ሂድ። ዳገቱን ከጨረስክ በኋላ ሜዳ ነው፣ ሣር ነው፣ ከብት ነው። ሯጮቹ ሁሉ እዚያ ነው የሚለማመዱት። እርጎ ጠጥተህ ትመለሳለህ። ማሳሰቢያ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ተመለስ። ከዚያ በኋላ ሲሚንቶ የጫኑ ተሳቢዎች ከጫንጮ በኩል መውረድ ይጀምራሉ፣ ያኔ የቢሾፍቱ መንገድ ይናፍቅሃል።

የድሮ_ጋላቢ፦

ወንድም ቀጭን ጎማ፣ የሽሮ ሜዳው ልጅ ያለህ ለልምምድ ጥሩ ነው። እኔም እንጦጦን እወደዋለሁ። ጸጥ ያለ ገጠር ግን አይደለም። 2 ሰዓት ሳይሞላ ተመለስ የሚባልበት መንገድ ምኑ ነው ጸጥታው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአዲስ አበባ የሚወጡት ዋና ዋና መንገዶች፣ የጎጃሙም፣ የወሎውም፣ የአዳማውም፣ የጅማውም፣ የአምቦውም፣ የመጀመሪያ 40 እና 50 ኪሎ ሜትራቸው ገና ከተማ ነው። መጋዘን፣ ፋብሪካ፣ ጠጠር የጫነ ሲኖ። ከቤትህ ተነስተህ በብስክሌት ይህን ልሻገር ማለት ጉልበትንም ዕድሜንም ማባከን ነው። እዚህ የሚነዱ ብዙ ልጆች ይህን አይቀበሉኝም፣ አውቶቡስ ላይ መጫን እንደ ሽንፈት ይቆጥሩታል። እኔ ግን እላለሁ፣ ብስክሌቱን ጫንና ጭነት መኪናው ከሚሳሳበት ቦታ ጀምር።

እኔ ያደግሁት አሰላ ነው። ስለዚህ አዳላለሁ፣ አስቀድሜ ልንገርህ። ግን ስማኝ።

አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከአዳማ ደግሞ 75 ገደማ። አርሲ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያነሳው ሯጭ ነው። ኃይሌ ከዚያ ነው፤ በቆጂ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን አፍርታለች። ያ አየርና ያ ዳገት ለሯጭ ብቻ የተሰጠ ይመስል ብስክሌት ይዞ የሚሄድ ሰው ግን ብዙ አላይም።

ከአዳማ ብትነሳ ከፍታህ 1,600 ሜትር ገደማ ነው። ወደ አዋሽ ትወርዳለህ፣ ድልድዩን ትሻገራለህ፣ ከዚያ በኋላ በቃ ወደ ላይ ነው። ዴራ፣ ኢተያ፣ ጎንዴ፣ አሰላ። አሰላ ስትገባ 2,400 ሜትር ደርሰሃል። የሚገድል ዳገት አንድም ቦታ የለውም፣ ግን አያልቅም። እስከ ዴራ ቆላ ነው፤ ግራር፣ አቧራ፣ ሙቀት። ኢተያ አካባቢ ስንዴው ይጀምራል፣ አየሩም ይቀየራል፣ ጭላሎም በግራ በኩል ቀስ እያለ ብቅ ይላል። ቆንጆ መንገድ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን አልመክርህም፣ ምክንያቱም ሚኒባሱም አይሱዙውም አለ፣ እስከ ባሌ የሚሄደው አውቶቡስም በዚያው ነው።

አንተ ከአሰላ ጀምር። አሰላ፣ ሳጉሬ፣ በቆጂ። 56 ኪሎ ሜትር ነው። ባዶ ነው ብዬ አልዋሽህም፣ መኪና አለ፣ ግን አንዱ አልፎህ ድምፁ ጠፍቶ ሌላው እስኪመጣ ድረስ የራስህን ሰንሰለት ድምፅ ትሰማለህ። ይህን አይደል የጠየቅኸው?

ዳገትና ቁልቁለቱ ከየት እንደሚመጣ ልንገርህ፣ ካርታ ላይ ሲታይ መንገዱ ቀጥ ያለ ስለሚመስል ሰው ይሸወዳል። በግራህ ጭላሎ አለ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ከእሱ ቀጥሎ የገላማ ሰንሰለት፣ ወደ በቆጂ ስትጠጋ ካካ። ከእነዚህ ተራሮች የሚወርደው ወንዝ ሁሉ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ነው የሚሄደው፣ መንገዱ ደግሞ ወደ ደቡብ ይሄዳል። ስለዚህ እያንዳንዱን ወንዝ ታቋርጠዋለህ። እያንዳንዱ ወንዝ አንድ ቁልቁለትና አንድ ዳገት ነው። ሳጉሬን ካለፍክ በኋላ ወረድኩ ስትል ትወጣለህ፣ ወጣሁ ስትል ትወርዳለህ። በቆጂ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እግርህ ያውቀዋል፣ ሳንባህ ደግሞ ከእግርህ በፊት።

ግራና ቀኙ ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላ ነው። በመስከረም መጨረሻ ከሄድክ አረንጓዴ፣ በኅዳር ከሄድክ ወርቅ። ፈረሰኞች ያጋጥሙሃል፣ አንዳንዱ ሊወዳደርህ ይፈልጋል። ተወዳደር፣ ምን ችግር አለው? ዳገት ላይ ይበልጥሃል፣ ቁልቁለት ላይ ትበልጠዋለህ።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነስ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ ሜዳው ላይ ከለላ የለም። ሳጉሬ ላይ ሻይ በዳቦ፣ በቆጂ ላይ ምሳ። ኪስህ ውስጥ ጭኮ ያዝ። የገብስ ዱቄትና ቅቤ ነው፣ ከዚያ የተሻለ የብስክሌት ስንቅ አልተሠራም። በውጭ አገር ወረቀት የተጠቀለለውን ጣፋጭ በብዙ ብር አትግዛ።

በቆጂ አድረህ በማግስቱ ወደ አሰላ ብትመለስ ብዙው ቁልቁለት ነው። ጉልበት ካለህ ደግሞ በአሳሳ አድርገህ እስከ ዶዶላ መቀጠል ይቻላል፣ እሱ ግን ሌላ ቀን ይፈልጋል።

ሰማያዊ_ቆብ፦

ጋሼ ልክ ብለዋል፣ አሰላ በቆጂ ከጓደኞቼ ጋር ነድቼዋለሁ፣ ከነዳኋቸው ሁሉ እሱን ነው የምወደው። ግን ጋሼ የአገራቸውን ጉድ ዘለውታል 😄 እኔ ልሙላው።

ልጆቹ። ሄልሜት ያደረገ ሁሉ ለእነሱ ፈረንጅ ነው። ጥቁር ሁን፣ አማርኛ ተናገር፣ ኦሮምኛም ተናገር፣ "ፈረንጅ! ፈረንጅ!" እያሉ ይሮጣሉ። ዳገት ላይ ደግሞ ከአንተ ይፈጥናሉ፤ የበቆጂ ልጅ ነው እኮ፣ ምን ትጠብቃለህ! አንዳንዱ ከኋላ ሊገፋህ ይመጣል። በጎ ነው ሐሳቡ፣ ግን ቀጭን ጎማ ላይ ያለ ሰው ሳያስበው ሲገፋ ይወድቃል። መድኃኒቱ አንድ ነው፣ ቀድመህ ሰላም በል። "አከም!" ካልካቸው ግማሹ ሥራ አልቋል። ዝም ብለህ መነጽር አድርገህ የምታልፍ ከሆነ ድንጋይ ልትቀምስ ትችላለህ።

ውሻ። ዳገት ላይ ልታመልጠው አትችልም፣ አትሞክረው። ውረድና ብስክሌቱን በአንተና በእሱ መሃል አድርግ። ከዚያ ጎንበስ በል። ድንጋይ ባይኖርም ጎንበስ በል። የአገራችን ውሻ ጎንበስ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል።

ኮምባይነር። ይሄን ማንም አይነግራችሁም። አርሲ ስንዴው በኮምባይነር ነው የሚታጨደው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ከእርሻ ወደ እርሻ የሚሄዱት በአስፋልቱ ነው። መንገዱን ጠቅላላ ይይዙታል። ቁልቁለት ላይ ኩርባ ዞራችሁ አንዱ ፊት ለፊት ቢያጋጥማችሁ መግቢያ የለም። ስለዚህ በዚያ ወር ኩርባ ባለበት ቁልቁለት ፍጥነት ቀንሱ። የጋሪ ፈረስም እንዲሁ፣ ከተማ መግቢያ ላይ ሁልጊዜ አለ። ደግሞ ከተማ ሁሉ መግቢያው ላይ ቀለም ያልተቀባ ፍጥነት መቀነሻ አለው፣ በሙሉ ፍጥነት ከመጣህ ትበራለህ።

አውቶቡስ ላይ ስለመጫን። ረዳቱን አትመኑ። እኔ በሄድኩበት ረዳቱ ብስክሌቶቹን ጣሪያ ላይ አንዱን በአንዱ ላይ ጭኖ በገመድ ጠፈራቸውና የኋላ ቸርኬዬ ተጣሞ አሰላ ደረስኩ። እሑድ ጠዋት ጎሚስታ ቤት ቁጭ ብዬ ራጂዎቹን፣ የቸርኬውን ሽቦዎች፣ ስናጠብቅ ዋልን። ጎማዎቹን ፍቱ፣ በካርቶንና በብርድ ልብስ ጠቅልሉ፣ ጣሪያ ላይ ራሳችሁ ወጥታችሁ እሰሩ፣ ማርሹ ያለበትን ጎን ወደ ላይ። የጭነቱን ሒሳብ ደግሞ ሳይጫን በፊት ተነጋገሩ፣ ከተጫነ በኋላ ዋጋው ሌላ ነው።

ለሴቶች አንድ ነገር ልጨምር። ብቻዬን አልሄድም፣ ቢያንስ ሁለት ሆነን ነው። ከተማ መሃል የሚወረወረው ቃል ገጠር ላይ የለም ማለት ይቻላል፣ ገበሬው ቢያስቅህ እንጂ አያስቀይምህም። የሚያስቸግረው የትንንሽ ከተሞቹ መግቢያ፣ ባጃጅ ተራው አካባቢ ነው። እኔ ከጠባቡ ሱሪ በላይ ሰፊ ቁምጣ እደርባለሁ፣ ምግብ ቤት ስገባም አልሸማቀቅም። ማደሪያ አሰላ ላይ ደህና ደህና ሆቴሎች አሉ። በቆጂ ላይ ቀለል ያለ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ግን ሌሊቱ ይበርዳል። ብስክሌቱን ክፍል ውስጥ ይዘን እንግባ ስንል እምቢ ያለን የለም።

ድንጋይ_ላይ፦

ጎበዝ፣ ሁላችሁም የምትዞሩት በአንድ ነገር ዙሪያ ነው፣ እኔ ልናገረው። በዚህ አገር አስፋልት የተሠራው ለጭነት መኪና ነው። አስፋልት ካለ መኪና አለ። ጸጥታ የፈለገ ሰው ፒስታ ይግባ!

ቀጭን ጎማ፣ ያቺን ብስክሌት ሽጣትና ሰፊ ጎማ ያለው ግዛ። ከዚያ ወደ መናገሻ ሱባ ጫካ ግባ፣ ከአዲስ አበባ ቅርብ ነው፣ ጽዱና ዝግባ ነው፣ መኪና ብርቅ ነው። ወንድነቱ ካለህ ደግሞ ባሌ ሂድና ከጎባ ወደ ሳነቴ ውጣ። አምባው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፣ መንገዱ ጠጠር ነው፣ ቀይ ቀበሮ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ያይሃል። ስንት መኪና ቆጠርክ ብትለኝ፣ በእጄ ጣት።

ቀጭን_ጎማ፦

@ድንጋይ_ላይ ገና ገዝቼ ሳልጠግባት ሽጣት ትለኛለህ? ሳነቴን ግን ልቤ ውስጥ አስገባኸው፣ አንድ ቀን።

የድሮ_ጋላቢ፦

ድንጋይ ላይ ያለው ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም፣ አባባሉ ነው ትንሽ የወንድነት ውድድር የሆነው። ግን አስፋልት ሁሉ አንድ አይደለም። የጎጃሙ መንገድ ሲሚንቶ ይጭናል፣ የአዳማው የወደብ ዕቃ ይጭናል። አሰላና በቆጂን የሚያገናኘው መንገድ የሚጭነው በአብዛኛው የአካባቢውን እህልና የአካባቢውን ሰው ነው። መንገድ ከመምረጥህ በፊት መጨረሻው ላይ ምን እንዳለ ጠይቅ። ፋብሪካ ካለ፣ የድንጋይ መፍጫ ካለ፣ ወደብ ካለ፣ ተወው።

የብርዱ_ልጅ፦

ሰላም። እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ። የአንኮበርን መንገድ ማንም አላነሳም፣ ይህ ግፍ ነው።

ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የወሎውን ትልቅ መንገድ ትተህ ትገነጠላለህ፣ እዚያው ላይ ጭነቱ ይቀራል። መጀመሪያ ከፍ ዝቅ የሚል ደጋ ነው፤ የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ በግ፣ ብርድ። ደብረ ብርሃን ራሷ 2,800 ሜትር ላይ ናት፣ መንገዱ ከዚያም ይበልጥ ከፍ ይላል። ከዚያ በድንገት የመሬቱ ጠርዝ ላይ ትደርሳለህ። ከፊትህ ገደሉ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ገማሳ ገደል አካባቢ ጭላዳዎች መንጋ መንጋውን ሆነው ሣር ይነጫሉ፣ ለብስክሌት ደንታ የላቸውም። ጠዋት ላይ ጉም ከታች ሲወጣ ሁለት ሜትር ፊትህ አይታይም፣ መብራት ያስፈልግሃል፣ የኋላ ቀይ መብራት በተለይ።

የመጨረሻው ወደ አንኮበር መውረጃ ነው። ቁልቁል ነው፣ ጠመዝማዛ ነው። ፍሬን አታስጨንቁ። ቸርኬው ላይ የሚይዝ ፍሬን ያለው ብስክሌት ሲሆን ሳታቋርጡ ከያዛችሁት ቸርኬው ይግላል፣ የውስጥ ጎማው ሊፈነዳ ይችላል። ቀጥ ባለው ላይ ልቀቁ፣ ከኩርባው በፊት የፊቱንም የኋላውንም አንድ ላይ ጠበቅ አድርጉ፣ ኩርባው ውስጥ ልቀቁ። እጃችሁ ከደነዘዘ ቁሙ። ማን ያስቸኩላችኋል? የምኒልክ ግቢ የነበረበት ኮረብታ ላይ ሎጅ አለ፣ ቡና አለ። መመለሻው ያው የወረዳችሁት ዳገት ነው፣ ለእሱ ጉልበት አስቀሩ።

ግን አንድ ትልቅ ግን አለ፣ ዋናው እሱ ነው። ያለንበት ጊዜ ይታወቃል። መንገዱ የሚከፈትበትም የሚዘጋበትም ቀን አለ። እኔ እዚሁ ተወልጄም ጠዋት ሳልጠይቅ አልወጣም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የምትመጡ፣ እዚህ የሚኖር ሰው ሳትጠይቁ ብስክሌት አትጫኑ። ትናንት ሰላም ነበር ማለት ዛሬ ሰላም ነው ማለት አይደለም። አሁን ካልሆነ ይቆይ፣ ገደሉ የትም አይሄድም።

የድሮ_ጋላቢ፦

የብርዱ ልጅ ስላነሳው አመሰግናለሁ፣ ለአርሲም ያው ነው። ጠይቁ። ፖለቲካ ውስጥ ሳልገባ፣ አሰላ መናኸሪያ ላይ ሹፌሮቹን መጠየቅ ከማንኛውም ዜና ይሻላል። ጠዋት ከበቆጂ የመጣ ሹፌር መንገዱን በዓይኑ አይቶታል።

ነፋሲት_ቁልቁለት፦

ከስቶክሆልም ነኝ፣ ልጅነቴ አስመራ። ስታወሩ ሆዴ ባባ። እኛ ዘንድ ብስክሌት ጣሊያን ትቶልን የሄደው ሃይማኖት ነው፣ እሑድ ሰው የሚሰበሰበው ለእሱ ነበር። ቢኒያም ግርማይ በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ላይ አረንጓዴውን ማሊያ ሲወስድ እዚህ ቤቴ ውስጥ ጎረቤት እስኪያንኳኳ ነው የጮህኩት።

ከአስመራ ወደ ነፋሲት የሚወርደው መንገድ ያደግሁበት ነው። ከ2,300 ሜትር ተነስተህ ምጽዋ እስክትደርስ ወደ ባሕር ወለል ትወርዳለህ፣ ኩርባውን ለመቁጠር አትሞክር፣ ባቡር ሐዲዱ ከአጠገብህ ይወርዳል። ትልልቆቹ ግን መውረዱን አይቆጥሩትም ነበር፤ "ወጥተህ ንገረን" ነበር የሚሉን። ለጥያቄህ መልስ አይሆንም፣ ከአዲስ አበባ ቅርብ አይደለም። ግን ስለ ፍሬን የተባለውን ስማ፣ እውነት ነው። ደግሞ ቁልቁለት ላይ ጋዜጣ ደረትህ ላይ አድርግ፣ ላብህ ሲቀዘቅዝ ብርድ ይመታሃል። አሠልጣኞቻችን ያስተማሩን ነው፣ እስካሁን ስዊድን ውስጥም አደርገዋለሁ።

ቲያ_በኩል፦

አጭር ነገር ልጨምር። የቡታጅራ መንገድ። ከዓለም ገና ትገነጠላለህ፣ የጅማውን ጭነት እዚያ ትተዋለህ። መልካ ቁንጥሬ ላይ አዋሽን ትሻገራለህ፣ ከዚያ እስከ ቲያ ይወጣል፣ ግን የሚያሰቃይ አይደለም። የቲያን ትክል ድንጋዮች አይተህ በቡኢ አድርገህ ቡታጅራ ትገባለህ፣ ከጎንህ የጉራጌ ተራሮች አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ ሰው ከአርሲ ይቀላል። ሚኒባሶቹ ግን ይበራሉ፣ በተለይ የገበያ ቀን። ቅዳሜ አትሂድ።

ሰማያዊ_ቆብ፦

ቡታጅራን እደግፋለሁ፣ ግን ለዳገት የሚሄድ ሰው ያዝናል። ብዙው ሜዳ ነው እኮ።

ቲያ_በኩል፦

ሜዳ? አንቺ በበቆጂ ልጆች እየተገፋሽ ለምደሽ ነው።

ቀጭን_ጎማ፦

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ይጎርፋል ብዬ አልጠበቅሁም። ወስኛለሁ፣ አሰላ በቆጂ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ኮምባይነሩ ሳይወጣ። አንድ ጓደኛ አለኝ፣ ማውንቴን ብስክሌት ነው ያለው፣ ይችላል?

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። አንደኛ፣ የኋላዬ ትልቁ ማርሽ 28 ጥርስ ነው፣ የፊቱ ትንሹ 39። ይበቃኛል? ሁለተኛ፣ ጎማ ቢፈነዳ በቆጂ ላይ የእኔን ዓይነት አገኛለሁ?

የድሮ_ጋላቢ፦

ልጄ፣ 39 በ28 ለዚያ መንገድ አይበቃም አልልህም፣ ግን ጉልበትህ ይነግርሃል። ከሳጉሬ በኋላ ያሉት የወንዝ መውጫዎች አጭርና ቀጥ ያሉ ናቸው፣ እዚያ ላይ ቆመህ ትረግጣለህ። 2,700 ሜትር ላይ ቆሞ መርገጥ ደግሞ ቶሎ ያዝልሃል። የኋላውን በ32 ጥርስ ለመቀየር መርካቶ ላይ ጠይቅ። ግን ሳትገዛ የኋላ ማርሽ መቀየሪያህ ይችለው እንደሆነ ብስክሌት ጠጋኝ ይይልህ፣ አጭር ክንድ ያለው ከሆነ አይቀበለውም።

ጎማ አታገኝም። ቁርጡን እወቅ። ከተሞቹ ውስጥ የሚሸጠው የማውንቴን ጎማ ነው፣ የአንተ ቀጭን ዓይነት አዲስ አበባም ተፈልጎ ነው። ሁለት የውስጥ ጎማ፣ ማስቲሽና መለጠፊያ፣ ትንሽ ፓምፕ ያዝ። የውጭው ጎማ ከተቀደደ ከውስጥ በኩል የታጠፈ የብር ኖት አስገባና እስከ ከተማ ድረስ ንዳ። ትልቁን ብር አታስገባ።

ጓደኛህ በማውንቴኑ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ጠብቀው።

ሰማያዊ_ቆብ፦

ስለ ልብስ አንድ ነገር። ጥቅምት ላይ በቆጂ ጠዋት ይበርዳል፣ አንዳንዴ ውርጭ ነው። ጓንት ያዝ። 3 ሰዓት ላይ ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥልሃል፣ ከፍታ ላይ ስለሆንክ ሳታውቀው ቆዳህ ይላጣል። ሁለት የውሃ ኮዳ፣ አንዱ ውስጥ በሶ በጥብጥበት።

ቀጭን_ጎማ፦

በሶ በኮዳ ውስጥ አይደፈንም?

ሰማያዊ_ቆብ፦

አቅጥነው። ማርና ጨው ትንሽ ጨምርበት። ከመጠጣትህ በፊት በጥብጠው፣ አለዚያ ታች ይቀራል።

የሽሮሜዳ_ልጅ፦

እኔም ልምጣ እንዴ? አውቶቡስ ላይ መጫን ሽንፈት ነው የሚሉት እኔን ነው መሰለኝ ጋሼ 😂

የድሮ_ጋላቢ፦

አንተንም ነው። ና። ከቃሊቲ መናኸሪያ ነው የምትሳፈሩት፣ አርብ ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ከሆነ ሰው ስለሚበዛ ጣሪያው በጆንያ ይሞላል። አርብ ማታ አሰላ እደሩ፣ ቅዳሜ በቆጂ፣ እሑድ መልስ። እኔ በዚያ ሳምንት እዚያው እሆናለሁ፣ ጉልበቴ ከፈቀደ እስከ ሳጉሬ እሸኛችኋለሁ። ቀኑን ስትቆርጡ እዚሁ ጻፉልኝ።